የእህቴን ባል የተኩ አራት ብሎኖች

የእህቴ ባል ለአሥራ አንድ ዓመት ሥራው መቀመጥ ነበር። ለስድብ አይደለም የምለው። ስለ አንዳንድ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ብዬው ቢሆን ስድብ ይሆን ነበር፤ እሱ ግን የሚቀመጠው በሚንቀጠቀጥ ብረት ላይ፣ በጋምቤላ ሙቀት፣ ሞተር አጠገብ፣ ለመንደሩ ሁሉ ጥቅም ነው።

እህቴና ባሏ ከአልዌሮ ግድብ ብዙ በማይርቅ የሰፈራ መንደር ወፍጮ ቤት አላቸው። በልጅነታችን ከወሎ መጥተን እዚያው ሰፈርን። እኔ አድጌ ጋምቤላ ከተማ ገባሁና ወረቀት ማበላሸት መተዳደሪያዬ ሆነ። እሷ ግን እዚያው ቀረች፣ አረሰች፣ ወለደች፣ በመጨረሻም የናፍጣ ሞተር፣ የእህል ወፍጮና የሩዝ መፈልፈያ በአንድ የብረት ፍሬም ላይ የተገጠሙበት ማሽን ገዛች። ከመኪና ለማውረድ አሥር ሰው አስፈልጎ ነበር። ይህን ያህል የሚከብድ ነገር ካስቀመጡት ቦታ ንቅንቅ አይልም ብሎ የሚያስብ ሰው አለ፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። ሞተሩ ሲነሳ ግን ይራመዳል። ፍሬሙ የተቀመጠው በሁለት ግንድ ላይ፣ ግንዶቹም በጥቁር አፈር ወለል ላይ ነበር። ጠዋት ከግድግዳው ሥር የተነሳ ማሽን ለምሳ ሰዓት በሩ ጋ ደርሶ ወደ ውጭ ሲመለከት በዓይኔ አይቻለሁ። ትንሽ ሲንሸራተት ደግሞ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው የጎማ ቀበቶ፣ ችንጋው፣ ይጣመምና ከመዘውሩ ይወልቃል፤ ችንጋ ሲወልቅ ሥራ ይቆማል፤ ሥራ ሲቆም እህቴ ትናገራለች።

ድንጋይ ጫኑበት፤ ድንጋዩ እየተንቀጠቀጠ ወርዶ ሰው እግር ላይ አረፈ። የአሸዋ ጆንያ ጫኑበት፤ ጆንያው ተቀደደና መንደሩ ለሳምንት ገንፎውን እየፈራ ዋጠ። በመጨረሻ አንድ ሰው ፍሬሙ ላይ ቢወጣበት ጊዜ ረጋ አለ። ሰው አይቀደድም፣ ሲያስፈልግም ራሱ ይወርዳል። ልማዱ እንዲህ ተጀመረ። እህል ያመጣ ሁሉ ተራው እስኪደርስ ፍሬሙ ላይ ይቀመጣል፤ አምስት ስድስት ሰው ጎን ለጎን ተደርድሮ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ወሬውን ያወራል። ክብደት በመንደሩ ማዕረግ ሆነ። ከታችኛው ሰፈር የምትመጣ አንዲት ደልደል ያለች ሴትዮ አለች፤ ከሩቅ ስትታይ "መጣችልን!" እየተባለ ቦታ ይለቀቅላት ነበር። ስለ ውፍረቷ እንዲህ ያለ አቀባበል የሚደረግላት ሴት በሌላ አገር ትኖራለች ብዬ አላምንም።

ሌላው ግን መጥቶ ይሄዳል። ቋሚው የእህቴ ባል ነበር። ከሞተሩ ወገን ያለችው፣ መንቀጥቀጡ የሚብስባት ማዕዘን የእሱ ነበረች፤ አጥፎ የሚያነጥፋት ጆንያም ነበረችው። ከዓመታት በኋላ ጆሮው ከበደ፣ መቀመጫው ግን ብልህ ሆነ። ዞር ብሎ ሳያይ "ባዶውን እየዞረ ነው፣ ጨምሩበት" ይላል። "ይሄ ሩዝ አልደረቀም፣ መልሳችሁ አስጡት" ይላል። ተሳስቶ አያውቅም። ከበሩ በላይ አንድ የዓሣ መንጠቆ ከነገመዱ ተሰቅሏል። በሩዝ አጨዳ ሰሞን ግድቡ ላይ ዓሣው ጥሩ ነው ይባላል፤ እሱም በየዓመቱ "ዘንድሮስ ሄጄ አጠምዳለሁ" ይላል። አጨዳ ደግሞ ወፍጮ ቤቱ ሥራ የሚበዛበት ወቅት ነው። ስለዚህ መንጠቆው ላይ ሸረሪት ያደራበታል።

ዘንድሮ ወገቡ ጎበጠ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቁርጡን ነገረችው፤ አንድ አጨዳ እንደዚያ ከተቀመጠ ቀጥ ብሎ መሄዱን ይርሳው። ይህን ሲነግረን የሌላ ሰው ወሬ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። "ታዲያ ማን ይቀመጥ?" አለ ብቻ።

እህቴ ደወለችልኝ። "ለአጨዳው ሦስት ሳምንት ቀርቶናል። ማሽኑ ከዚያ በፊት ወለሉ ላይ መታሰር አለበት። ናና አግዘን። መጽሐፍ እንዳታመጣ።"

ሁለት ይዤ ሄድኩ።

ማሽኑን የሚያስረው በያጅ ነው፤ አኙዋ፣ የጋምቤላ ከተማ ተወላጅ፣ እሁድ እሁድ በቸርቹ መዘምራን መካከል ወፍራሙን ድምፅ የሚይዝ ረጅም ሰው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል አንድ ቃል የማያባክነው። እኔ በአማርኛ ተወልጄ ሳባክነው ነው የኖርኩት። ሞተሩን አስነሳና እጁን ፍሬሙ ላይ አሳርፎ ንዝረቱን አዳመጠ።

"ይደንሳል" አለ። "ዳንስ ጥሩ ነው። ግን ለቸርች።"

"እና ምን ይሻላል?" አለች እህቴ።

"ማዘር፣ ፋውንዴሽን። አፈሩን እናወጣለን። ድንጋይ፣ ፌሮ፣ አርማታ። አራት ቀዳዳ እንተዋለን። ከዚያ ብሎን።"

እዚህ ላይ ተቃወምኩ። ሰው ሁሉ በተስማማበት ነገር ላይ ዝም ብዬ መቀመጥ አይሆንልኝም። ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ አርማታውንም ይዞት ይሰነጠቃል አልኩ። ከባድ ነገር ለስላሳ ነገር ላይ ቢያርፍ ንዝረቱን ይውጠዋል፤ ለምን ያረጀ የመኪና ጎማ አናነጥፍለትም? አንብቤያለሁ።

በያጁ እስክጨርስ በአክብሮት አዳመጠኝ። "ቲቸር" አለኝ ከዚያ። አስተምሬ አላውቅም፤ መነጽር ያደረገ ሁሉ ለእሱ ቲቸር ነው። "ቲቸር፣ ጎማ ላይ ካስቀመጥነው አይራመድም።"

"አያችሁ?" አልኳቸው።

"ይዘላል።"

እህቴ ሳቀች። ባሏ አልሰማም ነበር፤ እሷ ስትስቅ አይቶ ሳቀ። ክርክሩ በዚሁ አበቃ።

ስለ አፈሩ ግን ትክክል እንደነበርኩ ይታወቅልኝ። በያጁ ራሱ ጥቁሩን አፈር እስከ ወገባችን ድረስ ተቆፍሮ እንዲወጣ አዘዘ። ትክክል በመሆኔ ያተረፍኩት አካፋ ነው።

ቀዩ ደረቅ አፈር ሲገኝ ድንጋይ ተጠቀጠቀ፣ ፌሮ ተዘረጋ፣ አርማታው ተሞላ። ለብሎኖቹ ቀዳዳ ለመተው በያጁ ከጓሮ አራት የሙዝ ግንድ ቁራጭ አመጣ። የፍሬሙን ልክ በገመድ ወስዶ በአራቱ ማዕዘን ቀጥ አድርጎ አርማታው ውስጥ ተከላቸው። አርማታው ሲይዝ የሙዙ ግንድ ተስቦ ይወጣል፤ ክንድ የሚያስገባ ጉድጓድ ይቀራል። በኋላ ብሎኑ ከፍሬሙ ላይ ወደ ጉድጓዱ ይንጠለጠልና ዙሪያው በሲሚንቶ ይሞላል። ብሎኑ ከወለሉ ጋር አንድ አካል ሆነ ማለት ነው።

"ከተማ ሥራ አለኝ። በሳምንቱ እመጣለሁ" አለ በያጁ ሊሄድ ሲል። "ቲቸር፣ አንተ ሁለት ሥራ። ነገ ሙዙን አውጣ። ከዚያ ወለሉን በቀን ሦስቴ ውሃ አጠጣ። ፀሐይ ካደረቀው ይሰነጠቃል።"

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው። ማንበብ ይቻላል።"

ሙዙን አወጣሁ። በጆንያ ሸፍኜ ውሃ አጠጣሁ። በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ አንገቱን በበሩ አስገብቶ "ጋሼ፣ መች ነው የሚበቅለው?" ይለኛል። አንዱ ሽማግሌ ትንሽ ፍግ ብጨምርበት እንደሚሻል በቁም ነገር መከሩኝ። እኔም ደስ ይለኝ ጀመር። የምጽፈው ነገር ሲታተም ጠንክሮ ይሁን ተሰነጣጥቆ ማንም መጥቶ አይነግረኝም፤ ይህ ግን በየቀኑ ሲጠነክር በጣቴ እያንኳኳሁ አየው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከወፍጮ ቤቱ ፊት ያለው ማንጎ ሥር ተቀምጬ ሳነብ ሦስት ሴቶች አዲሱን ወለል ሊያዩ መጡ። ጆንያውን ገልጠው፣ አድንቀው፣ ደልደል ያለችው ብቅ አለች።

"ጋሼ፣ እነዚህ ጉድጓዶች ምንድን ናቸው?"

ዓይኔን ከመጽሐፉ ሳላነሳ፣ "ያላለቀ ሥራ ነው" አልኳት።

መልሱ ውሸት የለበትም። ግን በዚህ መንደር የቤት ወለል ላይ የታየ ጉድጓድ አያድርም። ሰፋሪው ከደጋ እንደመጣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተማረው ይህን ነው፤ ቀዳዳ ካለ ወይ እባብ ይገባበታል ወይ ምስጥ ይወጣበታል። ያየው ሰው ይደፍነዋል። ባለቤቱ ከሌለ ጎረቤት ደፍኖለት ይሄዳል፤ ምስጋናም አይጠብቅም። ሴቶቹ ጥጉ ላይ የተረፈ ሲሚንቶ አገኙ፣ አሸዋ አበዙበት፣ አራቱንም ደፈኑ። የእህቴ ወለል ደግሞ ማማር ይገባዋል ብለው ከላይ እስከ ታች በስሱ ሊሾ አደረጉት። እኔ መጽሐፉ ጥሩ ቦታ ላይ ደርሶ ነበር።

ውሃ ላጠጣ ስገባ ወለሉ እንደ መስተዋት ያበራል። ያሰብኩትን በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ "እንዴት የሚያምር ወለል ነው!" ብዬ ነው ያሰብኩት። ቀሪዎቹን አራት ቀናትም በቀን ሦስቴ በፍቅር አጠጣሁት።

በያጁ በሳምንቱ ብሎኖቹን፣ ዳዶና ሮንዴላውን በከረጢት ይዞ መጣ። በሩ ላይ ቆመ። ወለሉን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ወለሉን አየ።

"ቲቸር። ቀዳዳ የት ነው?"

እህቴ ነገሩ ሲገባት የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም። ዋናው ሐሳብ፣ ማንበብ የማይችል ወንድም ቢኖራት ይሻላት እንደነበር ነው። "አይኑ እያየ! ጎኑ ተቀምጦ!" እያለች ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረችው። ስምንት ቀን ነው የቀረን። አፍርሶ እንደገና መሙላት አይደርስም። በድሪል እንዳይበሱት መንደሩ መብራት የለውም። ፍሬሙን አምጥተን እንዳናመለክትበት ወለሉ ከፍሬሙ ይሰፋል፤ ጉድጓዶቹ የት ጋ እንደሆኑ የሚናገር አንድ ምልክት የለም። ሴቶቹ እጃቸው ጥሩ ነው።

የእህቴ ባል ሁላችን ስንጮህ ከንፈራችንን ሲከታተል ቆይቶ ጥጉ ላይ ያለችውን ጆንያውን አነሳ፣ አራገፋት፣ አጠፋት። "ግድ የለም" አለ። "ዘንድሮንም እቀመጣለሁ። ምን ይሆናል?"

በሕይወቴ ብዙ ክርክር ተሸንፌ አንዱንም አምኜ አላውቅም። ያኔ ግን ያንን ጎባጣ ወገብ ሳይ፣ "ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩት፣ ጮክ ብዬ፣ እንዲሰማኝ።

"አብሽር" አለኝና ጫማውን አወለቀ።

ምን ሊያደርግ እንደሆነ ማንም አልገባውም። ባዶ እግሩን ወለሉ ላይ ቆመ፣ የፌሮ ቁራጭ ያዘ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከእግሩ ጎን ወለሉን መታ። አንድ እርምጃ ሄደ፣ መታ። ሄደ፣ መታ። በሞተሩ ወገን ማዕዘን ሲደርስ ሁለት ጊዜ መታና እግሩን እዚያው ተከለ።

"እዚህ ነው።"

"በምን አወቅህ?" አለች እህቴ።

"ሌላው ይመልስልኛል፣ ይሄ ዝም ይላል።"

በከሰል አከበብነው። የቀሩትን ሦስቱንም እንዲሁ አገኛቸው። በያጁ ገመዱን አውጥቶ በክቦቹ መካከል በሰያፍ ዘረጋ፣ አንዱን ከሌላው አስተያየ፣ ከዚያ የፍሬሙን ልክ ያሰረበትን ቋጠሮ አመሳከረ። እኩል ነው። ያን ጊዜ ያ ዝምተኛ ሰው በመዘምራን ድምፁ "ሃሌሉያ!" ሲል ማንጎው ላይ የነበሩት ወፎች ተነሱ።

ሴቶቹ ተጠርተው ሳይሆን ሰምተው መጡ። ደልደል ያለችው ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ በጉልበቷ ተንበረከከችና መሮውን ከበያጁ እጅ ነጠቀችው።

"እኛ የደፈነውን እኛው እናወጣዋለን። ሂድ አንተ ብሎንህን ጥረግ።" ከዚያ ወደኔ ዞረች። "ያላለቀ ሥራ ነው ያልከን ግን አንተ ነህ!"

"ተሳሳትኩ እንዴ? ይኸው አላለቀም።"

"ምላስህን በቀዳዳው ብንጨምረው ከብሎን ይበልጥ ነበር!" አለች ሌላዋ፤ ሳቁ መሮውን አስቆመው።

አሸዋ ማብዛታቸው ጠቀመን፤ ድፍኑ እንደ ቆሎ ይፈረፈር ነበር። እየተፈራረቁ፣ እየዘፈኑ፣ እኔን እየሰደቡ ከሰዓት በኋላ አራቱንም ጉድጓዶች አወጧቸው። በማግስቱ አሥር ሰው ፍሬሙን ተሸክሞ በቦታው አሳረፈው። በያጁ ብሎኖቹን አንጠለጠለ፣ ውሃ ልኩን ፍሬሙ ላይ አጋድሞ አረፋዋ መሃል እስክትገባ ድረስ ከሥር ቀጫጭን ላሜራ እየሰገሰገ አስተካከለ፣ ጉድጓዶቹን በወፍራም ሲሚንቶ ሞላ።

"አሁን ሰባት ቀን። ማንም ሞተር አያስነሳ።"

እህቴ በሩ ላይ ወንበር አኖረችልኝና እጇን ዘረጋች። ሁለቱንም መጽሐፎች አስረከብኳት። ሰባት ቀን ውሃ አጠጣሁ፣ እህል ይዘው የሚመጡትን መለስኩ፣ ወለሉን ሊያሳምር የመጣ ካለ ለማባረር ዱላ ያዝኩ።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት፣ የመጀመሪያው ሩዝ ከታጨደ በማግስቱ፣ በያጁ ዳዶዎቹን ማጥበቅ ጀመረ። አንዱን ትንሽ ያጠብቅና በሰያፍ ፊት ለፊቱ ወዳለው ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ሌላው፤ አንዱን ብቻ እስከ መጨረሻ ካጠበቁት ሌላው ወገን ይነሳል አለኝ። የመጨረሻውን መፍቻ ለእህቴ ባል ሰጠው። "ጋሼ፣ ይህ ማዕዘን ያንተ ነው።" እሱም ጎባጣ ወገቡን ይዞ፣ አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጠባትን ማዕዘን በገዛ እጁ አጠበቃት።

መንደሩ በበሩና በመስኮቱ ሞልቷል። በያጁ አንድ ብርጭቆ ውሃ ፍሬሙ ላይ አኖረና ሞተሩን አስነሳ። ደልደል ያለችው ሴትዮ ከልማድ የተነሳ ልትወጣበት እግሯን አነሳች።

"ማንም አይቀመጥ!" አለ በያጁ።

ውሃው ውስጥ ቀጫጭን ክብ ሞገድ ታየ። ብርጭቆው ካለበት አልተነቃነቀም። ከአምና የተረፈ ደረቅ ሩዝ ተጨመረ፣ ችንጋው ዞረ፣ ነጭ ሩዝ ወረደ፣ ብርጭቆው እዚያው ነው። ያላሰብነው ነገር ደግሞ ድምፁ ነበር። ያ ሁሉ ጩኸት ለካ አብዛኛው የሞተሩ ሳይሆን ፍሬሙ ግንዱን ሲደበድብ የሚወጣ ነበር፤ አሁን ሰው ጮክ ብሎ ካወራ ይሰማል።

እህቴ ይህን ገና አላስተዋለችም። ለአሥራ አንድ ዓመት በወፍጮ ድምፅ ተከልላ ባሏን ፊት ለፊት የፈለገችውን ስትለው ኖራለች፤ እሱ ያው ፈገግ ይላል። አሁንም ከዚያች ማዕዘን ጎን ደርቆ ሲያያት፣ ሩዝ እያፈሰች እንደ ልማዷ ጮክ ብላ፣

"ዞር በል እንግዲህ፣ አንተ ግንድ! ምን እንደ ሙሽራ ያስገትርሃል?"

ዞር አለ።

"ማነው ግንዱ?"

እህቴ ጣሳውን እንደያዘች ቀረች። ሴቶቹ አንዷ በሌላዋ ላይ እየወደቁ ሳቁ። "ሰማት! ዛሬ ሰማት!" ይላሉ። "አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ምን ስትይኝ ነበር?" አላት። "ዱዓ ሳደርግልህ" አለችው፤ እሱም ራሱ መሳቅ ጀመረ፣ ወገቡን ይዞ፣ እንባው እስኪመጣ።

ከዚያ ከበሩ በላይ ያለውን መንጠቆ አወረደ። የሸረሪቱን ድር በእጁ ጠርጎ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ በአጨዳ ሰሞን፣ በጠራራ ፀሐይ ወደ ግድቡ መንገድ ጀመረ። ቀስ እያለ ነበር የሚሄደው፤ መንገዱ ላይ የሚያገኘው ሁሉ "ማን ተቀመጠ ታዲያ?" ይለዋል፣ እሱም በመንጠቆው ወደ ኋላው እያሳየ፣ "አራት ብሎን!" ይላል።

ከሰዓት በኋላ አንድ ዓሣ ይዞ ተመለሰ። ትልቅ ነበር አልልም፤ የሚጨቃጨቅ ከመጣ ግን እጨቃጨቃለሁ። እህቴ ጠብሳ አቀረበችው። ሴቶቹ ከየቤታቸው ዱካ አምጥተው በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር ተደርድረዋል፤ ጥርስ ካልተንገጫገጨ ወሬው ጣዕም የለውም እያሉ ያማርራሉ። በያጁ መሬት ላይ ተዘርግቶ የዓሣውን እሾህ ይለቅማል። አንድ ዱካ ባዶ ነበር።

"ቁጭ በል እንጂ፣ ዓሣህ ሳይቀዘቅዝ" አለችው እህቴ።

የእህቴ ባል ዱካዋን አየት አደረጋት፣ ሳህኑን ከእጇ ተቀበለና ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ በላ።